ቁጣን በፌሚኒስት ፍልስፍና እንዴት እንመርምር?

አንድ ሰው ተቆጥቶ ሲናገር «ቁጣው ልክ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ቢሆንም፣ ፌሚኒስት ፈላስፎች፣ ማለትም ፍልስፍናን ከጾታ እኩልነት አንጻር የሚመረምሩ አሳቢዎች፣ ከዚያ በፊት ቁጣው ሰሚ ማግኘት አለማግኘቱን እንድናጣራ ያሳስባሉ። ስለዚህ ምርመራዎን ከአንድ ተጨባጭ ክስተት ይጀምሩ። በስብሰባ ላይ ንግግሯ በተደጋጋሚ የተቋረጠባት ሴት ድምጿን ከፍ አድርጋ «ልጨርስ!» ስትል፣ ሰብሳቢው ስለ መቋረጧ ምንም ሳያነሳ «እስቲ ተረጋጊ» ቢላት፣ አቤቱታዋ ወደ ጠባይ ጉድለት ተለወጠ ማለት ነው። ፌሚኒስት ፈላስፋዋ ማሪሊን ፍራይ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው ጽሑፍ ያነሳችው ነጥብ ይኸው ነው፤ ቁጣ እንደ ቁጣ የሚቆመው አድማጭ ሲቀበለው ነው።

ቀጥሎ ተናጋሪዋን በሐሳብዎ ይቀይሩ፤ ያንኑ ቃል ወንድ ወይም ከፍ ያለ ሥልጣን ያላት ሴት ቢናገሩት ኖሮ ምላሹ ምን ይሆን ነበር? እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም፤ ጾታን ብቻ ይዞ መደብንና ዘርን መዘንጋት በዘርፉ ውስጥም ብዙ ወቀሳ ያስከተለ ጉድለት ነውና።

በመጨረሻም ቁጣው ራሱ ይመዘን። ሌላዋ ፌሚኒስት ፈላስፋ አሊሰን ጃገር እ.ኤ.አ. በ1989 እንደተከራከረችው፣ ከተለመደው ያፈነገጠ ስሜት የተሸፈነ በደልን ሊጠቁም ይችላል፤ ጠቋሚ መሆኑ ግን ማስረጃ አያደርገውምና፣ ማን ማንን ስንት ጊዜ እንዳቋረጠ ለብቻው ይጣራ።