የኪራይ ውል ከመፈረማችን በፊት ወደቡ ለመርከቧ ደህና መሆኑን እንዴት እናጣራ?

አቶስ 1 የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ ከቬንዙዌላ ድፍድፍ ነዳጅ ይዛ አሜሪካ፣ ደላዌር ወንዝ ገብታለች። ኖቬምበር 26 ቀን 2004 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት)። ፖልስቦሮ ካለው ማራገፊያዋ ለመድረስ 900 ጫማ ያህል ቀርቷታል፤ ሦስት መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከውሃው ስር ግን ባለቤቱ ያልታወቀ፣ ዘጠኝ ቶን የሚመዝን መልሕቅ ተጥሎ ቀርቷል። ሆዷን ቀደደው። 264,000 ጋሎን፣ ማለትም አንድ ሚሊዮን ሊትር ገደማ ነዳጅ ወንዙ ላይ ተዘረገፈ።

ባለመርከቡ ጽዳቱን አሠራ። የእሱ ኃላፊነት ጣሪያ በሕግ 45 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ስለነበር፣ ከዚያ በላይ ያወጣውን 88 ሚሊዮን የመንግሥት ፈንድ ተካለት። ከዚያ ባለመርከቡም መንግሥትም ዞረው መርከቧን ወደዚያ ያዘዘውን ተከራይ፣ ሲትጎን፣ ከሰሱ። የሲትጎ መልስ ቀላል ነበር። መልሕቁን አልጣልኩትም፣ መኖሩንም አላውቅም፣ ማድረግ ያለብኝን ጥንቃቄ አድርጌያለሁ የሚል ነው። እውነቱን ነው እንበል። ውሉ ላይ የፈረመው ግን መርከቧ በደህና የምትደርስበትን፣ የምትቆምበትንና የምትወጣበትን ቦታ እሰጣለሁ ብሎ ነው። እጠነቀቃለሁ ብሎ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማርች 2020፣ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ፈረደበት።

ስንዴ፣ ማዳበሪያ ወይም ነዳጅ በሙሉ መርከብ ተከራይቶ የሚያመጣ ድርጅት ውስጥ ከሠራችሁ ይህ ጉዳይ ይመለከታችኋል። አንድ ሁለት ኮንቴይነር በመደበኛ መስመር የምታስመጡ ከሆነ ግን ራስ ምታቱ የእናንተ አይደለም። የት እንደሚቆም የሚወስነው የመስመሩ ባለቤት ነው።

መጀመሪያ አንቀጹን፣ ከዚያ ካርታውን

ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ስለ ወደቡ በመጠየቅ ነው። እኔ ከውሉ ጀምሩ ነው የምለው። ምክንያቱም ያው ወደብ፣ ያው አደጋ፣ በአንዱ ውል ተከራዩን ያስከፍላል፣ በሌላው ነፃ ያወጣዋል።

ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ታገኛላችሁ። አንደኛው ወደቡ ደህና ይሆናል ብሎ በደረቁ ቃል የሚገባው ነው። የሲትጎ ውል እንዲህ ያለ ነበር። ሁለተኛው ተከራዩ ደህና ወደብ ለመምረጥ ተገቢውን ጥንቃቄ ያደርጋል የሚል ነው፤ በነዳጅ መርከብ የጊዜ ኪራይ ውሎች (መርከቧ ለአንድ ጉዞ ሳይሆን ለተወሰነ ጊዜ በምትከራይባቸው) ላይ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ አስፈላጊውን ጠይቆ፣ አጣርቶ የላከ ተከራይ ይተርፋል። ሦስተኛው ዝምታ ነው። ወደቡ በስሙ ተጠርቶ ስለ ደህንነቱ ምንም ካልተባለ፣ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ቃሉን በራሱ ለመጨመር አይቸኩልም። በ2009 ሪቦርን በተባለች መርከብ ጉዳይ እንዲህ ሆኗል። ውሉ የሊባኖስን ቼካ ወደብ በስም ጠቅሶ ነበር። ባለመርከቡ መቆሚያው ስር የነበረ ጉጥ መርከቤን ወጋው ብሎ ቢከስም፣ ውሉ ያልገባውን ቃል ፍርድ ቤቱ አላስገባለትም። ወደቡን አውቀህ ከተስማማህ ራስህ አጣራ ነው ነገሩ።

እግረ መንገዳችሁን ክርክሩ የት እንደሚታይ እዩ። አብዛኛው ውል ለንደን ወይም ኒው ዮርክ ይላል። አዲስ አበባ ያለው ጠበቃችሁ ጎበዝ ቢሆንም፣ መልሱን የሚሰጠው የእነሱ ሕግ ነው።

ይህቺ መርከብ፣ በዚህ ጊዜ

የእንግሊዝ ዳኞች በ1958 ኢስተርን ሲቲ በተባለች መርከብ ጉዳይ የሰጡት መለኪያ ዛሬም ይሠራል። በራሴ አባባል፣ ወደብ ደህና የሚባለው ይህቺው መርከብ በተባለው ጊዜ ደርሳበት፣ ተጠቅማበት፣ ተመልሳ መውጣት ስትችል ነው። ያውም ያልተለመደ ክስተት ካልመጣ በቀር፣ ጥሩ ካፒቴን በጥሩ የባሕር ሙያ ሊያመልጠው ለማይችል አደጋ ሳትጋለጥ።

ስለዚህ ወደቡ ላይ ያለውን ወኪላችሁን ወደቡ ጥሩ ነው ወይ ብላችሁ አትጠይቁት። አዎ ይላችኋል። የመርከቧን ርዝመት፣ ስፋት፣ ተጭና ስንት ሜትር ውሃ ውስጥ እንደምትሰምጥ (ድራፍቷን)፣ ባዶዋን ከውሃ በላይ ስንት እንደምትቆም ጽፋችሁ ላኩለት። ለ20,000 ቶን መርከብ የሚመች ወደብ ለ170,000 ቶኗ ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ወቅቱንም ጨምሩ።

አስቸጋሪ ወደብ ሁሉ ደህና ያልሆነ ወደብ አይደለም። ፓይለት (መርከቧን ወደ ወደቡ የሚመራ የአካባቢው ባለሙያ) እና ጎታች ጀልባ ተይዞ፣ ማዕበሉ ሲበርድ ጠብቆ የሚገባበት ከሆነ ደህና ነው። ወረፋ መጠበቅም ለብቻው ወደቡን አደገኛ አያሰኘውም። እሱ የዲመሬጅ (መርከቧ ከተፈቀደላት ጊዜ በላይ ስትቆይ የሚከፈል ገንዘብ) ጣጣ ነው።

ሲገባ፣ ሲቆም፣ ሲወጣ

ጉዞውን በሦስት ቆርጣችሁ አንድ በአንድ ተከተሉት። መግቢያውን ሁሉም ያስበዋል፤ ወደ ሐምቡርግ የሚወስደው የኤልብ ወንዝ በ1947 በረዶ ይዞት፣ ሰሴክስ ኦክ የተባለች መርከብ በዚያው በረዶ ተጎድታ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። መንገዱም የወደቡ አካል ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው።

የሚረሳው መውጫው ነው። ኢስተርን ሲቲ የተጎዳችው ሞሮኮ፣ ሞጋዶር (የዛሬዋ ኤሳዊራ) ነው። በዚያ አገር የብርድ ወቅት የደቡብ ነፋስ ድንገት ይነሳል። ሲነሳ የሚያስጠነቅቅ አስተማማኝ ነገር የለም፤ የባሕሩ ወለልም መልሕቅ አይዝም። ካፒቴኑ አደጋውን ሲያይ መሸሻው ጊዜ አልፏል። ቺሊ፣ ቫልፓራይሶ ላይ ደግሞ ኪያን ሲ የተባለችው መርከብ አየሩ ሲከፋ ከመቆሚያ ግንቡ ተነስታ ወደ ጥልቁ ባሕር መውጣት ነበረባት። ማስጠንቀቂያው ደርሷታል። ችግሩ ፊቷ ላይ ሌሎች መርከቦች መልሕቅ ጥለው ቆመዋል፤ መዞሪያ አጣች። ከዚያ ጉዳይ የወጡት አራት ጥያቄዎች በቀጥታ ወደ ኢሜይላችሁ የሚገለበጡ ናቸው። መርከቧ በአየሩ ምክንያት መውጣት ሊኖርባት የሚችልበት ወደብ ከሆነ፣ በቂ የአየር ትንበያ አለ? ፓይለትና ጎታች ጀልባ በሌሊትም በበዓልም ይገኛል? ለመዞር የሚበቃ የባሕር ስፋት አለ? ያ ስፋት ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የሚቆጣጠር ሰው አለ?

የመጨረሻውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አይገኝም። ቫልፓራይሶ ላይ የጎደለው ግን እሱ ነው።

ድንጋዩንም፣ የሚጠብቀውንም ሰው

የወደብ ደህንነት ውሃውና ግንቡ ብቻ አይደለም። ሞዛምቢክ፣ ቤይራ ላይ የባሕሩ አሸዋ ይንቀሳቀሳል። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ግን መንገዱን የሚያሳዩት ተንሳፋፊ ምልክቶች ከቦታቸው ርቀው ነበር፤ የሚከታተልና የሚያስተካክል አሠራርም አልነበረም። ሌሎች መርከቦች አሸዋ ላይ ሲቀመጡ ካውንት የተባለችው መርከብ ወደቡ ውስጥ ተቆለፈች፤ ወደቡ ደህና አይደለም ተባለ።

ለምርመራው አንድ ብልሃት ልንገራችሁ። የወደቡን ድረ ገጽ ትታችሁ ያለፉትን ጥቂት ወራት ለመርከበኞች የወጡ ማስጠንቀቂያዎች አንብቡ። ጥልቀቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው መቼ እንደሆነ በቀን ጠይቁ። በቅርቡ ተመሳሳይ መርከብ ያስገባ ካፒቴን ከተገኘ ደግሞ እሱን የሚያህል የለም።

ከባሕሩ የባሰ ሰው ሲኖር

ይህ ክፍል ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ1988 የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ሳጋ ኮብ የምትባል ነዳጅ ጫኝ ተከራይቶ በቀይ ባሕር ያሠራት ነበር። በሴፕቴምበር ከአሰብ የአውሮፕላን ነዳጅ ይዛ፣ ምጽዋ አቅራቢያ መልሕቅ ጥላ ሳለች የሻዕቢያ ታጣቂዎች በጀልባ መጥተው አጠቋት። ከጥቂት ወራት በፊትም ኦሞ ወንዝ የተባለችው የእኛው መርከብ ወደዚያው አካባቢ ስትጓዝ ተጠቅታለች። ባለመርከቡ ምጽዋ ደህና ወደብ አልነበረችም ብሎ ለንደን ከሰሰ። የመጀመሪያው ዳኛ ፈረዱለት። ይግባኝ ሰሚው በ1992 ገለበጠው። ትእዛዙ በተሰጠበት ጊዜ የነበረው ስጋት፣ ምክንያታዊ የሆነ ባለመርከብ ወይም ካፒቴን አልሄድም የሚልበት ደረጃ አልደረሰም ነው ያሉት።

ፍርዱን ያልወደዱ የሕግ ሰዎች አሉ፤ ለባለመርከብ ትንሽ ከበድ ይላል። ለተከራይ ግን መልእክቱ ግልጽ ነው። ወደቡ ጦርነት ባለበት አገር ነው መባሉ አይበቃም፤ በዚያች ሳምንት የነበረው ስጋት ይመዘናል። በፌብሩዋሪ 1990 ምጽዋ ራሷ የጦር አውድማ ሆና በሻዕቢያ እጅ ስትገባ፣ ያው ጥያቄ ቢነሳ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር።

ሁቲዎች ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦችን ማጥቃት ከያዙ ወዲህ ይህ እንደገና የዕለት ጥያቄ ሆኗል። ስለዚህ ከደህና ወደብ አንቀጹ ጎን የጦርነት አንቀጹን ፈልጉ። ካፒቴኑ መቼ እምቢ ማለት እንደሚችልና ተጨማሪውን የጦርነት ኢንሹራንስ ማን እንደሚከፍል እዚያ ነው የሚጻፈው። ካልተጻፈ አስጽፉ። በኋላ መጨቃጨቁ አያዋጣም።

ቃሉ የሚመዘነው መቼ ነው?

ወደቡ በተሰየመበት ሰዓት ነው። ኤቪያ የተባለችው መርከብ በ1980 ከኩባ ሲሚንቶ ይዛ ወደ ኢራቅ፣ ባስራ ታዘዘች። ሲታዘዝ ሰላም ነበር። ማራገፏን ስትጨርስ የኢራንና የኢራቅ ጦርነት መውጫዋን፣ የሻት አል አረብን ወንዝ ዘጋው፤ ወንዙ ውስጥ ቀረች። በጊዜው የእንግሊዝ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ተከራዩ ቃሉን አላፈረሰም አለ። ሲሰየም ወደፊት ደህና እንደሚሆን የሚጠበቅ ከነበረ ይበቃል። ግን ጉዳዩ በዚያ አያበቃም። መርከቧ ሳትደርስ ነገሩ ከተበላሸ፣ የጊዜ ተከራይ ትእዛዙን አንስቶ ሌላ ወደብ መስጠት አለበት። ውስጥ ሆና መውጣት የምትችል ከሆነም ውጪ ማለት አለበት። ስለዚህ ወደቡን ከሰየማችሁ በኋላም ዜናውን ተከታተሉ።

እና ያልተለመደው ክስተት?

ኦሽን ቪክትሪ የተባለችው መርከብ በኦክቶበር 2006 ከደቡብ አፍሪካ 170,000 ቶን የብረት ማዕድን ይዛ ጃፓን፣ ካሺማ ነበረች። ግንቡ ላይ የሚያንገላታ ረጅም ሞገድ መጣ። ልትወጣ ስትል ጠባቡ መውጫ ላይ ኃይለኛ የሰሜን ነፋስ ገጠማት፤ ዳር ላይ ተቀመጠች፣ ኋላም ለሁለት ተሰበረች። ሞገዱም ነፋሱም ለየብቻ በካሺማ የታወቁ ናቸው። ክርክሩ የሁለቱ አብሮ መምጣት ላይ ነበር። 137 ሚሊዮን ዶላር የሚሻገረው ጥያቄ በ2017 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በዚያ መጠን አብረው መምጣታቸው ያልተለመደ ክስተት ነው ተባለ። ተከራዩ አልከፈለም። ሊሆን እንደሚችል መገመት ብቻ አይበቃም፤ የወደቡ የተለመደ ባሕርይ መሆን አለበት።

ጥርጣሬ ከመጣ

ባለመርከብ ከሆናችሁ ዝም ብላችሁ አትግቡ። ካንቼንጁንጋ የተባለችው መርከብ በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ጊዜ ወደ ኢራን ካርግ ደሴት ታዘዘች። ባለቤቶቿ አደጋውን እያወቁ ለመጫን ዝግጁ ነን አሉ፤ በኋላ እምቢ ሊሉ ሲሞክሩ ያንን መብት በገዛ እጃቸው ጥለውታል ተባሉ። መግባት ግድ ከሆነ መብታችን እንደተጠበቀ ነው ብላችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ወኪሉን የጠየቃችሁበትንና የመለሰላችሁን ኢሜይል አስቀምጡ፤ ጥንቃቄያችሁን የሚመሰክረው እሱ ነው። አደጋ ከደረሰም ካፒቴኑ የመርከቧን የጉዞ መቅጃ መረጃ በዚያው ሰዓት ይገልብጥ። ቆይቶ ከሆነ መሣሪያው በአሮጌው ላይ አዲሱን ይጽፍበታል።