ሰላም ለመጻፍ አምስት ጊዜ እንጫናለን

ባሕር ዳር፣ ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈት እሠራለሁ። የተማሪ መመረቂያ፣ የእድር ደንብ፣ ማመልከቻ፣ የመጣውን ሁሉ እጽፋለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ጣቴ ከኪቦርድ አይነሳም። ስለዚህ ሜካኒካል ኪቦርድ፣ ማለትም እያንዳንዱ ቁልፍ ከሥሩ የራሱ ስዊች ያለው ኪቦርድ፣ ስመርጥ መብራቱን አላይም። ጣቴን ነው የምጠይቀው።

አማርኛን በኮምፒውተር የምንጽፈው በላቲን ፊደል ድምፅ ነው። «ሰላም» ሦስት ፊደል ናት፤ ለመጻፍ ግን ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ብለን አምስት ጊዜ እንጫናለን። ጠ፣ ጨ፣ ጰ ወይም ኘ ሲመጣ ሺፍት ይጨመራል። እዚህ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ኤ እና የግራው ሺፍት የሚወድቁት በአንድ ጣት ላይ ነው፣ በግራ እጅ ትንሿ ጣት። እኔን ማታ ማታ የምታመኝም እሷው ነበረች።

ከመክፈላችሁ በፊት ኪቦርዱ እውነት ሜካኒካል መሆኑን እዩ። እኔ አንድ ጊዜ «ሜካኒካል ነው» ተብሎ የሚያበራ የላስቲክ ኪቦርድ ገዝቻለሁ። ብሩም ሄደ፣ ጣቴም አላረፈ። አንድ ቁልፍ ክዳኑን ንቀሉና ከሥሩ ተመልከቱ። ለየብቻው የቆመ፣ አናቱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ትንሽ ሳጥን ካያችሁ ስዊች ነው። ሻጩ ክዳን አላስነቅልም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

አሁን ወደ ስዊቹ። ዓይነቱ የሚለየው በቀለሙ ነው። ስዊች በሚሠራው በቼሪ ኩባንያ ልክ ቀዩ ለመጫን በግምት 45 ግራም ኃይል ይፈልጋል፤ ያለ ምንም መሰናክል ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቡናማው 55 አካባቢ ነው፤ መሐል ላይ ጣት የሚሰማት ትንሽ ጉብታ አለው። ሰማያዊው 60 አካባቢ ሆኖ «ቀጭ» ይላል። የሌሎች ኩባንያዎች ቀለም ሁልጊዜ ከዚህ ጋር አይገጥምም፤ ቁጥሩን አንብቡ።

እኔ በሰማያዊው ነበር የጀመርኩት። ድምፁን ወድጄው ነበር። አንድ ቀን አንድ አባት ማመልከቻ እያጻፉኝ ድንገት ቆም አሉና «ልጄ፣ በረዶ ጣለ እንዴ?» ብለው ወደ ጣሪያው አዩ። ተማሪዎቹም ጽሑፋቸውን ሲያነቡልኝ «እታለም፣ ይሰማሻል?» እያሉ ይጮሁ ነበር። ሰው ባለበት ክፍል የምትሠሩ ከሆነ ሰማያዊውን ተዉት።

ዛሬ የምጠቀመው ቡናማ ነው። ኤ ላይ እና የግራው ሺፍት ላይ ብቻ ቀይ አድርጌያለሁ። ትንሿ ጣቴ በሳምንቱ ውስጥ ልዩነቱን አወቀችው። ይህን ለማድረግ ስዊቹ ያለ ብየዳ የሚነቀል ኪቦርድ ያስፈልጋል፤ «ሆት ስዋፕ» ይሉታል። ስትገዙ ይህን ብቻ እንኳ አትርሱ፤ አንድ ቁልፍ ሲበላሽ ሙሉ ኪቦርድ ከመጣል ያድናል። አዲሱን ስዊች ስታስገቡ እግሮቹ ቀጥ ማለታቸውን እዩና ቀስ ብላችሁ ግፉ። እግሩ ቢታጠፍ በወረንጦ ይቃናል። ባለ 3 እግርና ባለ 5 እግር ስዊች አለ፤ ኪቦርዱ 3 ብቻ የሚቀበል ከሆነ ሁለቱን የፕላስቲክ እግሮች በጥፍር መቁረጫ ቆርጣችሁ ማስገባት ትችላላችሁ።

ደግሞ እስከ ታች አትደብድቡት። ቀዩ የሚወርደው 4 ሚሊሜትር ነው፤ ፊደሉ የሚመዘገበው ግን 2 ሚሊሜትር ላይ ነው። ሺፍትንም በተቃራኒው እጅ ያዙ። ለጠ እና ለጨ የቀኙን፣ ለጰ እና ለኘ የግራውን።

ከሌሎቹ ቁልፎች ተለይተው ሺፍትና ስፔስ ብቻ ሲጫኑ ከተንኳኩ ጥፋቱ የስዊቹ አይደለም። ረጅም ቁልፎችን ደግፎ የሚይዘው ሽቦ ነው፤ ስታብላይዘር ይባላል። ክዳኑን ነቅላችሁ ሽቦው ፕላስቲኩን የሚነካበት ቦታ ላይ ትንሽ ሲሊኮን ግሪስ ቀቡ። የስፌት መኪና ዘይት አታድርጉ፤ ቀጭን ስለሆነ ፈስሶ ወደ ስዊቹ ይገባል።

ክዳንን በተመለከተ ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ቶሎ ያብለጨልጫል፣ ፒቢቲ ይቆያል። የኛ ኤ እና ኢ ከሁሉ ቀድመው ስለሚያልቁ ፒቢቲ ይሻላል። የግዕዝ ፊደል ስቲከር አልወድም፤ ሙጫው ይቀራል፣ ጠርዙም ጣት ይይዛል። ክዳን ለብቻው ስትገዙ የስፔሱን ርዝመት ለኩ። የብዙዎቹ ኪቦርዶች ስፔስ የአንድ ፊደል ቁልፍ 6.25 እጥፍ ነው።

ቪያ በሚባለው ፕሮግራም የሚስተካከል ኪቦርድ ካገኛችሁ ካፕስ ሎክን ቋንቋ መቀየሪያ አድርጉት። ዊንዶውስና ስፔስን አንድ ላይ የመጫኑን ሥራ ለእሱ ስጡት። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በአንድ ጣት ነው። በኔ ሥራ ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደማደርገው አልቆጥረውም።

ማታ ማታ ከጣና በኩል ትንኝ መብራት ተከትሎ ይገባል፤ በጋ ደግሞ አቧራ አለ። ስዘጋ ኪቦርዱን ገልብጬ አራግፋለሁ፣ በደረቅ ብሩሽ እጠርጋለሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ እሸፍናለሁ። በወር አንዴ ክዳኖቹን ነቅዬ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና አጥባቸዋለሁ። ከዚያ ሰፌድ ላይ ዘርግቼ ጥላ ውስጥ አሳድራለሁ። ከሥራቸው ውሃ ከቀረ አይገጠሙም።