ለቆየ ኮምፒውተር ራም መጨመርና ፋይል ማጽዳት

ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ማስታወሻ) ከመግዛትዎ በፊት ኮምፒውተሩን ያንቀራፈፈው የራም ማነስ መሆኑን ያረጋግጡ። ዘወትር የሚጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች እንደከፈቱ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑና ታስክ ማናጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ይክፈቱ። ሚሞሪው (ራሙ) ከ80 በመቶ በላይ ተይዞ ከቆየ ራም መጨመር ይጠቅማል። ግማሹ ነፃ ሆኖ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከተቸከለ ግን ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል በሌለው ፈጣን ዲስክ) መቀየር ይሻላል። ሁለቱም ከሞሉ ከራሙ ይጀምሩ፤ ዊንዶውስ ራም ሲያጥረው ትርፉን ወደ ዲስክ ስለሚገፋ ዲስኩን የሚያጨናንቀው ይኸው እጥረት ሊሆን ይችላል።

ስንት የራም ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ እዚያው «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ይታያል። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የተባሉት የራም ዓይነቶች አይተካኩም፤ የጥርሳቸው ክፍተት ቦታው ይለያያል፣ በጉልበት መግፋት ማስገቢያውን ይሰብራል። አንዳንድ ላፕቶፖች ደግሞ በ1.35 ቮልት የሚሠራውን ዲዲአር3ኤል ብቻ ይቀበላሉ። ስለዚህ የነባሩን ራም ጽሑፍ አንብበው ተመሳሳዩን ይግዙ። ለቢሮ ሥራና ለኢንተርኔት በጠቅላላው 8 ጊጋባይት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር፣ ተራው ባለ32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋባይት በላይ መጠቀም አይችልም፤ መጀመሪያ ወደ 64 ቢት ካልተቀየረ ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው።

ሲገጥሙ ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ ገመዱን ይንቀሉ፣ የሚወጣ ባትሪ ካለ ያውጡ፤ ከዚያ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ። ራሙን ከመንካትዎ በፊት ቀለም ያልተቀባ ብረት ይንኩ፤ በሰውነት ላይ ያለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ራሙን ሊያቃጥል ይችላል። የላፕቶፑን ራም ሰያፍ አድርገው እስከ ጥግ ካስገቡ በኋላ የጎንና ጎኑ መያዣዎች ቀጭ እስኪሉ ወደ ታች ይጫኑት። የዴስክቶፑ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ሁለቱንም ጫፍ ጠበቅ አድርገው ይጫኑ። ሲበራ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ወይም ጢጥ ጢጥ ካለ አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሙ በደንብ አልገባም። ያውጡት፣ ወርቃማ ጥርሱን በለስላሳ ላጲስ ይጥረጉ፣ መልሰው ይሰኩ። ካልሆነ አንድ በአንድ እየሰኩ የተበላሸውን ይለዩ።

ፋይል ማጽዳት ራም አይጨምርም፤ የሚረዳው ዊንዶውስ ያለበት ሲ ድራይቭ ሲጣበብ ነው። ከ15 እስከ 20 በመቶ ነፃ ቦታ ይተዉለት። «ዲስክ ክሊንአፕ» ከፍተው የሲስተም ፋይሎችን ለማጽዳት የሚለውን ሲጫኑ የድሮ አፕዴት ትርፍራፊም ይመጣል፤ ከማጥፋትዎ በፊት ዝርዝሩ ውስጥ «ዳውንሎድስ» ካለ ምልክት እንዳልተደረገበት ይዩ፣ አለዚያ ሰነድዎ አብሮ ይጠፋል። የማይፈልጉትን ፕሮግራም ፎልደሩን በመሰረዝ ሳይሆን ከሴቲንግ «አንኢንስቶል» በማለት ያስወግዱ። በታስክ ማናጀር «ስታርትአፕ» ውስጥ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን ያጥፉ፤ አንቲቫይረሱን ግን አይንኩ። ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ) አጸዳለሁ የሚሉትን ፕሮግራሞች ይተዉዋቸው፤ ፍጥነት አይጨምሩም፣ አንዳንዴ ዊንዶውሱን ያበላሻሉ። ዲፍራግ (የተበታተኑ የፋይል ክፍሎችን ማሰባሰብ) የሚደረገው ሃርድ ዲስክ ብቻ ነው፣ እሱም ከጽዳቱ በኋላ።