አርቪው ተሰክቶ እያለ ባትሪው ቻርጅ አላደርግ ካለ ከየት ነው የሚጀመረው?

አርቪው (ተንቀሳቃሽ የመኪና ቤቱ) ካምፕ ግራውንድ ላይ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ላይ ተሰክቶ አድሮ ጠዋት ገመዱን ስትነቅሉት መብራቱ ድርግም ካለ ባትሪው ሌሊቱን አልተሞላም ወይ የተሞላውን አልያዘም ማለት ነው። ብዙ ሰው ወዲያው "ባትሪው ሞቷል" ይልና ሄዶ ሁለት አዲስ ባትሪ ይገዛል፣ ትንሽ ቆይቶ አዲሶቹም ባዶ ይሆኑበታል። ስለዚ ከባትሪው በፊት ማልቲሜትር (ቮልት መለኪያ) ግዙ፣ ርካሹ ይበቃል፣ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ መለካት ነው፣ ችግሩ የት እንዳለ በሱ ይታወቃል።

አሰራሩን ለማያውቅ በአጭሩ፣ አሜሪካ ውስጥ ካምፕ ግራውንዱ ላይ ካለው የመብራት ፖል በሾር ፓወር ገመድ (ከውጪ መብራት በሚያስገባው ገመድ) የሚመጣው 120 ቮልት ነው፣ ኤር ኮንዲሽነሩ፣ ማይክሮዌቩ እና የግድግዳ ሶኬቶቹ በሱ ነው የሚሰሩት። መብራቱ፣ የውሃ ፓምፑ፣ የማሞቂያው ፋን ምናምን ግን 12 ቮልት ናቸው። መሀል ላይ ኮንቨርተር የሚባል እቃ አለ፣ 120ውን ወደ 13.6 ቮልት አካባቢ ቀይሮ መብራቱንም ያበራል ባትሪውንም ይሞላል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፣ ገመዱ ተሰክቶ መብራት እስካለ ድረስ ሁሉም ሰላም ይመስላል፣ ግን መብራቱ በቀጥታ ከኮንቨርተሩ እየበራ ወደ ባትሪው የሚሄደው መስመር ተቋርጦ ሊሆን ይችላል።

እሺ አሁን ወደ መለካቱ። ገመዱን ንቀሉ፣ መብራት ምናምኑን አጥፉና ባትሪው ትንሽ ይረፍ፣ ከዛ ሁለቱ ጫፎች ላይ ለኩ። የተለመደው የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ወይ 12.7 ያሳያል፣ 12.2 ግማሽ አካባቢ ነው፣ ከ12 በታች ከሆነ ጭራሽ ደክሟል። ቁጥሩን ያዙና ገመዱን መልሳችሁ ሰኩ፣ እዛው ባትሪው ላይ ደግማችሁ ለኩ። ቀስ እያለ ወደ 13 ወጥቶ እስከ 14.4 ባለው መሀል ከተቀመጠ ቻርጁ እየደረሰ ነው፣ ጥፋቱ የባትሪው ነው፣ ነቅላችሁ አውቶ ፓርትስ ሱቅ ውሰዱት፣ ብዙዎቹ በነጻ ይፈትሹላችኋል። ከአንድ ሰአት በኋላም 12.3 ላይ ተገትሮ ከቀረ ወይ ጭራሽ እየወረደ ከሄደ ግን ቻርጁ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ሁለተኛው መለኪያ ቦታ ኮንቨርተሩ ራሱ ነው፣ 12 ቮልት የሚወጣበት ጫፍ። አብዛኛው ጊዜ ከፊውዝ ሳጥኑ ጀርባ ወይ ከስሩ ነው ያለው። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ እዛው ሳጥን ውስጥ 120 ቮልትም አለ፣ ክዳኑን ስትፈቱ ገመዱ ተነቅሎ ይሁን፣ መልሳችሁ ከሰካችሁ በኋላ ከመለኪያው ሹል በስተቀር እጃችሁ ወደ ውስጥ አይግባ። ይሄ የሚያስፈራችሁ ከሆነ ሰው ጥሩ፣ ነውር የለውም።

ኮንቨርተሩ ጋ 13.6 አግኝታችሁ ባትሪው ጋ 12.3 ከሆነ ኮንቨርተሩ ጤነኛ ነው፣ ስለሱ እርሱት፣ ችግሩ መሀል ላይ ነው። አብዛኛው ብልሽትም እዚህ ጋ ነው የሚገኘው። መጀመሪያ የባትሪ ማጥፊያ ስዊቹን እዩ፣ በሩ አካባቢ ወይ ባትሪው ጋ ይኖራል፣ ብዙ አርቪዎች ላይ እሱ ከጠፋ ኮንቨርተሩ ቢሰራም ባትሪው ጋ ምንም አይደርስም። ቀልድ ይመስላል ግን ስንቱ ቴክኒሻን ጠርቶ ከፍሎ መልሱ ስዊች ሆኗል። ቀጥሎ ፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ከሌሎቹ ለየት ብለው የተቀመጡ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት የሆኑ፣ 30 ወይ 40 አምፒር ፊውዞች አሉ። እነሱ የሚቃጠሉት ባትሪው ተገላብጦ ሲታሰር ነው፣ ለሰከንድ እንኳን ቢነካ ጭጭ ይላሉ፣ ስራቸው ኮንቨርተሩን ማዳን ነው። በአይን አትፍረዱ፣ ነቅላችሁ በማልቲሜትር ሞክሯቸው።

ለምን ይገለበጣል ካላችሁ፣ ቀለሙ ነው ጉዱ። መኪና የለመደ ሰው ቀይ ፖዘቲቭ፣ ጥቁር ኔጌቲቭ ብሎ ነው የሚያስበው፣ አዲስ አበባም ቢሆን ዋሽንግተን ዲሲም ቢሆን ጋራዥ ውስጥ እንደዛ ነው። ብዙ ተጎታች አርቪዎች ላይ ግን ጥቁሩ ፖዘቲቭ ነው፣ ነጩ ነው ኔጌቲቩ። ባትሪ የቀየረው ሰው ጥቁሩን ኔጌቲቭ ላይ ካሰረው በቃ፣ ፊውዞቹ ሄዱ። ስለዚ አሮጌውን ባትሪ ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ገመዶቹ ላይም ፕላስተር ለጥፋችሁ ጻፉባቸው። ስትፈቱ ኔጌቲቩ መጀመሪያ ይውጣ፣ ስታስሩ መጨረሻ ይግባ፣ ቀለበትና የእጅ ሰአት አውልቁ፣ ሲጋራም አጠገቡ አይጨስ፣ አሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል።

ፊውዞቹ ደህና ከሆኑ ከባትሪው አጠገብ በፖዘቲቩ ገመድ ላይ ትንሽ ብሬከር ፈልጉ፣ ውጪ ዝናብና አቧራ ላይ ስለሚውል ይዝጋል። በሁለቱም ጫፉ ለኩ፣ አንዱ ጋ 13.6 ሌላው ጋ 12.3 ካለ አገኛችሁት፣ እሱን ቀይሩ። ኔጌቲቩ ሻሲው ላይ የታሰረበትን ቡሎንም አትርሱ፣ ፈታችሁ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ አጽዱና አጥብቃችሁ እሰሩ።

ኮንቨርተሩ ጋም ያው 12.3 ካገኛችሁ፣ የምታዩት የባትሪውን ቮልት ነው፣ ኮንቨርተሩ ምንም እያወጣ አይደለም። ወደ 120ው ሂዱ። ማይክሮዌቩ ሰአት ያሳያል? ካላሳየ ፖሉ ላይ ያለው ብሬከር ወርዶ ይሆናል። ካሳየ ደግሞ ውስጥ የኮንቨርተሩን ብሬከር ጭራሽ አውርዳችሁ መልሳችሁ አንሱት፣ ግማሽ ላይ የቆመ ብሬከር በአይን አይታወቅም። አንዳንድ አርቪ ላይ ኮንቨርተሩ ሶኬት ላይ የተሰካ ነው፣ ያ ሶኬት መታጠቢያ ቤት ካለው ሪሴት ቁልፍ ካለው ሶኬት ጋር ተያይዞ ከሆነ እሱን መጫን ነው። 120 እየገባው 13 ካልወጣው ኮንቨርተሩ አልቋል፣ መቀየር ነው።

ቤት ደጃፍ አቁማችሁ ከጋራዡ ሶኬት በኤክስቴንሽን የምትሰኩ ሰዎች ደግሞ ገመዱን እዩት። 55 አምፒር ኮንቨርተር ባዶ ባትሪ ሲሞላ ከ120ው ወደ 8 አምፒር ይስባል፣ የ15 አምፒር ሶኬት ይችለዋል፣ ግን ቀጭንና ረጅም ገመድ ይሞቃል፣ ቮልቱም ይወርዳል። በእጃችሁ ንኩት፣ ከሞቀ ወፍራም ግዙ።

ሊትየም ባትሪ ያላችሁ ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ላይ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ሴሎቹ ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርዱ ቻርጅ ይከለክላል፣ ሚኒሶታ ክረምት ላይ "አልሞላም" ካለ ምንም ላይበላሽ ይችላል፣ ሲሞቅ ይቀበላል። አልቆ ራሱን ከዘጋ ደግሞ ጫፉ ላይ 0 ወይ እዚህ ግባ የማይባል ቮልት ነው የሚያሳየው፣ አንዳንድ ቻርጀር እሱን አይቶ ባትሪ የለም ብሎ አይጀምርም። ለሊትየም የተሰራ ቻርጀር ብዙ ጊዜ ይቀሰቅሰዋል። ኮንቨርተሩ አሮጌ ከሆነና ሊትየሙ ከ13.6 በላይ ካላገኘ ይሞላል ግን እድሜ ይፈጃል፣ ሙሉ ለሙሉ ለመሙላት 14.4 አካባቢ ይፈልጋል።

አሲድ ባትሪ ያላችሁ ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ ውሃውን እዩ፣ ብረቶቹ ከተጋለጡ እስኪሸፈኑ ድረስ ብቻ ዲስቲልድ ውሃ ጨምሩ፣ የቧንቧ አይሆንም። የቀረውን ከሞላ በኋላ ጨምሩ፣ ሲሞላ ከፍ ስለሚል ይፈሳል።

ሞተር ያለው አርቪ ከሆነና አልነሳ ያለው ሞተሩ ከሆነ ግን እስካሁን ያልነው አይመለከታችሁም። የሞተሩ ባትሪ ለብቻው ነው፣ ብዙዎቹ ላይ ሾር ፓወር የቤቱን ባትሪ (መብራቱንና ፓምፑን የሚያሰራውን) ብቻ ነው የሚሞላው፣ ለወር ተሰክቶ ቢቆምም የሞተሩ ያልቃል። ለሱ ትንሽ ባትሪ ሜንቴይነር (ባትሪውን ቀስ እያለ ሞልቶ የሚያቆይ ቻርጀር) ገዝታችሁ ከግድግዳ ሶኬት ላይ ሰኩለት።