የጦሩ ጫፍ ሳይሞላ ሲቀር

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳር ውርጭ ጠዋት የአሻንጉሊት ወታደር ለመሥራት የቀለጠ የቆርቆሮ (የጣሪያው ሳይሆን ቲን የሚባለው ብረት) ቅይጥ ጎማ መሰል ወደሆነ የሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ ሲፈስ የትንሹ ወታደር ገላና ጋሻ በደንብ ይወጣሉ፤ ጦሩ ግን ግማሽ ላይ ይቀራል። እሳት መጨመር አይጠቅምም፤ ከመጠን በላይ የጋለ ቅይጥ አረፋውና ዝቃጩ ይበዛል፣ ሲበርድም ይሰረጎዳል፣ ቅርጹንም ያቃጥላል።

ጥፋቱ የቅርጹ ቅዝቃዜና መውጫ ያጣው አየር ነው።

92 በመቶ ቆርቆሮ፣ 6 በመቶ አንቲሞኒ (ቅይጡን የሚያጠነክር ንጥረ ነገር)፣ 2 በመቶ መዳብ ያለው ቅይጥ 320 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈሳል። ቴርሞሜትር ከሌለ ደረቅ የእንጨት ስንጥር ይነከር፦ ቀስ ብሎ ቡናማ ከሆነ ደርሷል፣ ወዲያው ከጠቆረና ከጨሰ በዝቷል። የመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ወታደሮች ቅርጹን ለማሞቅ ብቻ ናቸው፤ ተመልሰው ይቅለጡ።

ዋናው መፍትሔ መተንፈሻው ነው። ከጦሩ ጫፍ እስከ ቅርጹ ጠርዝ በምላጭ ፀጉር የሚያህል መስመር ይቀደድ። ከሰፋ ብረቱ ተከትሎት ይወጣል፤ ስለዚህ ቀጭን ተጀምሮ እየተሞከረ ይስፋ። ከዚያ ታልክ ፓውደር በብሩሽ ተነስንሶ ትርፉ ይራገፍ፤ ዱቄቱ አየሩን በቀጭን ቦታ ያሳልፋል።

በጎን የሚወጣ ቀጭን ትርፍ ካለ ሁለቱ የቅርጹ ግማሾች አልገጠሙም ማለት ነው። በሁለት ጣውላ መካከል በላስቲክ ይታሰሩ፤ በጣም ከጠበቁ ግን መተንፈሻው ይዘጋል፣ ወታደሩም ይጣመማል።

ጠዋት ቅርጹ ላይ የያዘ ጤዛ ፈጽሞ ይድረቅ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ በእንፋሎት የቀለጠውን ብረት ወደ ሠሪው ፊት ትረጫለች።