ለቢች ቮሊቦል ውድድር ውጭ አገር ስትሄዱ፦ ከምዝገባ እስከ መጀመሪያው ሰርቭ

ቢች ቮሊቦል ተቀያሪ የለውም። ሜዳ የሚገባው ሁለት ሰው ነው፣ አንዱ ከቀረ ቡድን የሚባል ነገር የለም። የአንዳችሁ ቪዛ ከዘገየ፣ የአንዳችሁ በረራ ከተሰረዘ ወይም የአንዳችሁ ሆድ ከተበላሸ የሁለታችሁም የወራት ልምምድ ውሃ በላው። ይሄን እያወቀ ብዙ ቡድን ልምምዱን አብሮ ይሠራና ጉዞውን ለየብቻ ያቅዳል። በጣም የሚቆጨኝ ነገር ነው፤ ጎበዝ ተጫዋቾች አንድ ሰርቭ ሳይመቱ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ አንብቡት።

የትኛው ውድድር ያዋጣል?

ዓለም አቀፉ ዙር ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቢች ፕሮ ቱር ይባላል። ሲጀመር በሦስት እርከን ነው የተከፈለው፦ ከታች ፊውቸርስ፣ መሃል ላይ ቻሌንጅ፣ ከላይ ኤሊት 16። ለአዲስ ቡድን በሩ ፊውቸርስ ነው። እዚያ የሚገኘው ሽልማት ብዙ ጊዜ የአውሮፕላን ቲኬቱን እንኳ አይመልስም፤ የምትሄዱት ለነጥብ ነው። ነጥቡ የሚመዘገበው በየግላችሁ ነው፣ የቡድኑ ነጥብ የሁለታችሁ ድምር ነው። ነገ አጋር ብትቀይሩም ያገኛችሁት ነጥብ አብሯችሁ ይሄዳል።

ለአንድ ውድድር ብቻ ብላችሁ ውቅያኖስ አታቋርጡ። በአንድ አካባቢ፣ በተከታታይ ሳምንታት የሚካሄዱ ሁለት ወይም ሦስት ውድድሮች ፈልጋችሁ በአንድ ጉዞ ጨርሷቸው። በመጀመሪያው ማጣሪያ ብትሸነፉ እንኳ ሌላ ዕድል ይጠብቃችኋል። በመሃል ያሉት ቀናት ደግሞ ከሌሎች አገር ቡድኖች ጋር ለመለማመድ የማይገኝ አጋጣሚ ናቸው፣ ምክንያቱም እነሱም እንደ እናንተው ሜዳና ተጋጣሚ ፍለጋ ላይ ናቸው።

ራሳችሁን በራሳችሁ አታስመዘግቡም፤ የሚያስመዘግባችሁ ፌዴሬሽናችሁ ነው። የዓመቱን ዕቅድ ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ ስጧቸው፣ ከዚያ መዝጊያው ቀን ሳይደርስ ስማችሁ ዝርዝሩ ላይ መኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ። "አስገብተናል" የሚል የስልክ መልስ አይበቃም። የጤና ምስክር ወረቀቱንና ፊርማ የሚፈልጉትን ቅጾችም በዚያው ጨርሷቸው። ዝርዝሩ ሲወጣ ዋናው ድልድል ውስጥ፣ ማጣሪያ ውስጥ ወይም ተጠባባቂ ላይ ትሆናላችሁ። ተጠባባቂ ከሆናችሁ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት አትቁረጡ። በመጨረሻ ሰዓት መቅረትም ቅጣት ሊያመጣ ስለሚችል፣ ከታመማችሁ የሐኪም ማስረጃውን ወዲያው ላኩ።

ቪዛ

ስማችሁ እንደወጣ ለአዘጋጆቹ ጽፋችሁ የግብዣ ደብዳቤ ጠይቁ። ደብዳቤው ላይ የሁለታችሁም ሙሉ ስም ልክ ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው፣ የፓስፖርት ቁጥራችሁ፣ የውድድሩ ቀንና ወጪውን የሚችለው ማን እንደሆነ መጻፍ አለበት። ሲደርሳችሁ ፊደል በፊደል አንብቡት። አሠልጣኝ ወይም ፊዚዮቴራፒስት አብሯችሁ የሚሄድ ከሆነ የእሱም ስም ይግባ። ከፌዴሬሽኑም የድጋፍ ደብዳቤ ያዙ። ከዚያ ሁለታችሁም በአንድ ቀን አመልክቱ፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው እስኪከተል መጠበቅ የለባችሁም።

የሸንገን ቪዛ (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገራት የጋራ ቪዛ) ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ጀምሮ ሲሆን ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው ነው። ውሳኔው በመደበኛነት በ15 ቀን ውስጥ ይሰጣል፣ አንዳንዴ ግን እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል። የቀጠሮ ወረፋው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። እዚያ አካባቢ መቆየት የሚፈቀደው በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው። የአውሮፓ ውድድሮች ከግንቦት እስከ ነሐሴ ተደራርበው ስለሚመጡ ቀናችሁን መቁጠር የግድ ነው፣ በተለይ ዓመቱ ሲጀምር ለልምምድ ሄዳችሁ የነበረ ከሆነ። ስታመለክቱ ብዙ ጊዜ መግባት የሚያስችለውን ዓይነት ጠይቁ፤ በመሃል ወጣ ብላችሁ ሌላ አገር ተጫውታችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ።

የሸንገን ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ተራው የጉዞ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ በፕሮፌሽናል ውድድር ላይ የሚደርስ ጉዳትን አይሸፍንም። ኤምባሲው ሊቀበለው ይችላል፣ ቁርጭምጭሚታችሁ ሲዞር ግን ሆስፒታሉን የምትከፍሉት ከኪሳችሁ ነው። ውሉን አንብቡ፣ ውድድርን በግልጽ የሚሸፍነውን ግዙ።

ወደ አሜሪካ ከሆነ ደግሞ ከሽልማት ገንዘብ ውጭ ደመወዝም ሆነ ሌላ ክፍያ የማይቀበል ፕሮፌሽናል ተጫዋች ቢ-1 በሚባለው ቪዛ መግባት ይችላል። እዚያ ካለ አካል ጋር የክፍያ ውል ካላችሁ ግን ነገሩ ፒ-1 ወደሚባለው የስፖርተኞች ቪዛ ይሄዳል፣ እሱ ደግሞ ረዘም ያለ ሂደት ነው። የትም አገር ቢሆን ድንበር ላይ "ለጉብኝት ነው" አትበሉ። የውድድሩን ስም ተናገሩ፣ ደብዳቤውን በወረቀት አሳዩ።

ፓስፖርታችሁ ላይ ቢያንስ 6 ወር ይቅር፤ ብዙ አገር ይሄን ይጠይቃል። ትራንዚት የምታደርጉበት አገርም የራሱ ቪዛ እንዳለው አስቀድማችሁ እዩ። ሦስት ውድድር በሦስት አገር ካላችሁ ደግሞ ፓስፖርቱ አንዱ ኤምባሲ ተቀምጦ ሌላኛው እንዳያመልጣችሁ ቅደም ተከተሉን በወረቀት አውጡት።

ቲኬትና የመድረሻ ቀን

የመመለሻ ቀናችሁን ማንም አያውቀውም። በመጀመሪያው ቀን ማጣሪያ ላይ ልትወድቁ ትችላላችሁ፣ እሑድ ፍጻሜም ልትጫወቱ ትችላላችሁ። ስለዚህ ትንሽ ጨምራችሁ ቀኑ የሚቀየር መመለሻ ግዙ፤ መቆጠብ የምትችሉበት ሌላ ቦታ አይጠፋም። ሆቴሉም እንዲሁ ሊሰረዝ የሚችል ይሁን። ዋናው ድልድል ውስጥ ለገቡ ቡድኖች ብቻ ማደሪያ የሚችሉ አዘጋጆች ስላሉ፣ ከየትኛው ሌሊት ጀምሮ እንደሚሸፍኑ በጽሑፍ ጠይቁ።

የሰዓት ልዩነት ካለ ለአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ገደማ ያስፈልጋል የሚለው ልማድ ጥሩ መነሻ ነው። ወደ ምሥራቅ መብረር ከወደ ምዕራብ ይከብዳል። ያን ሁሉ ቀን ቀድሞ ለመድረስ አቅም ከሌላችሁ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ባሉት ቀናት የእንቅልፍ ሰዓታችሁን በትንሽ በትንሹ ግፉት፣ ከደረሳችሁም በኋላ ቀን ቀን ብርሃን ላይ ሁኑ። ቅድመ ውድድር ስብሰባው ስንት ሰዓት እንደሆነና በአካል ይሁን በኦንላይን አረጋግጡ። እሱ ላይ መቅረት ከውድድሩ ሊያስወጣችሁ ይችላል።

ሻንጣ

ሻንጣ ይጠፋል። ለመጀመሪያው ጨዋታ የሚያስፈልጋችሁ ሁሉ እጃችሁ ላይ ይሁን፦ ማሊያ፣ ቁምጣ ወይም ቢኪኒ፣ መነጽር፣ ኮፍያ፣ የአሸዋ ካልሲ፣ መድኃኒትና ማዘዣው፣ ደብዳቤዎቹ። ፓወር ባንክ የሚፈቀደው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ ብዙ አየር ማረፊያ በእጅ ሻንጣ አያሳልፏችሁም።

ኳሶቹን አስተንፍሳችሁ እጠፏቸው፣ ፓምፕና የአየር መለኪያ አትርሱ። በደንቡ የቢች ኳስ አየር ከ0.175 እስከ 0.225 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲሜትር ነው፣ ከአዳራሹ ኳስ በጣም የለሰለሰ። በግምት ሞልታችሁ ከተለማመዳችሁ ጨዋታ ላይ ቅበላችሁ ሌላ ይሆናል። የሜዳ መስመር ገመድም ያዙ። መረብ ያለው መስመር ግን የሌለው ባህር ዳርቻ ብዙ ነው፣ 16 በ8 ሜትር የሚሆነው ገመድ ደግሞ ቦታ አይፈጅም።

አሸዋ፣ ንፋስና ሙቀት

አሸዋ ሁሉ አንድ አይደለም። ደንቡ ጥልቀቱ ቢያንስ 40 ሴንቲሜትር ይሁን ይላል እንጂ የእያንዳንዱ ሜዳ ጠባይ የተለያየ ነው። ባህር ዳር ያለው እርጥብና ጠንካራ ሊሆን ይችላል፣ ለዝላይ ይመቻል፣ ጉልበት ግን ይጎዳል። ከተማ መሃል በመኪና ተጭኖ የሚደፋው፣ ለምሳሌ በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ኤፍል ታወር ሥር የነበረው ዓይነት፣ ለውድድሩ ተብሎ ተመርጦ የሚመጣ ነው። አሸዋው ለስላሳና ጥልቅ ከሆነ እግር ይሰምጣል፣ ለማጥቃት የምትሮጡት ሩጫ ይዘገያል፣ አቀባዩም ኳሷን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይኖርበታል። በመጀመሪያው ልምምድ ጨዋታ አትጫወቱ። ከሁለቱም ጎን ሰርቭ ምቱ፣ ንፋሱ ኳሱን ወዴት እንደሚወስደው እዩ፣ ዝላያችሁን ከአቀባዩ ጋር አስተካክሉና ውጡ። ከረጅም በረራ የወጣ እግር ላይ የሁለት ሰዓት ልምምድ መጫን ጉዳት መጥራት ነው።

ቢች ሲባል ሙቀት ብቻ አትጠብቁ። የስዊዘርላንዱ ግሽታድ በተራራ መሃል፣ ከባህር ጠለል 1,050 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ዝናብና ብርድ ሊገጥማችሁ ይችላል፣ ኳሱም ባህር ዳር ከለመዳችሁት ትንሽ ይርቃል። ከማሊያ ሥር የሚለበስ ረጅም እጅ ሁልጊዜ ሻንጣ ውስጥ ይኑር። በሌላ በኩል በቶኪዮ ኦሊምፒክ አሸዋው እግር እስኪያቃጥል ግሎ ውሃ ሲረጭበት ነበር። ወደ ሞቃት ቦታ ስትሄዱ ሰውነት እስኪለምድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ያ ካልተቻለ ቤታችሁ እያላችሁ በሞቃቱ ሰዓት መለማመድ ይረዳል። ከልምምድ በፊትና በኋላ ተመዘኑ። የቀነሰው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ያህል ላብ ነው፣ ውሃውን ከጨው ጋር ተኩት።

ሌላም አለ። ውሻና ድመት በሚመላለሱበት የሞቃት አገር አሸዋ በባዶ እግር መሄድ ቆዳ ሥር የሚሄድ የትል እጭ ሊያስይዝ ይችላል። ከሜዳ ውጭ ጫማ አድርጉ፣ እግር ላይ እየተጠማዘዘ የሚሄድ የሚያሳክክ መስመር ካያችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ምግብ፣ መድኃኒትና ምርመራ

የታሸገ ውሃ፣ በደንብ የበሰለ ምግብ። ከጨዋታ በፊት አዲስ ምግብ አትሞክሩ፣ ለዛ ጊዜ አለ።

የጉንፋን መድኃኒት ከማያውቁት ፋርማሲ መግዛት ግን አደጋ ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሱዶኤፌድሪን በውድድር ወቅት ሽንት ውስጥ ከተወሰነ መጠን ካለፈ እንደ አበረታች ቅመም ያስቀጣል። ስለዚህ ሐኪማችሁ ያረጋገጠላችሁን ከቤት ይዛችሁ ውጡ። ሜክሲኮና ቻይና ውስጥ ሥጋ ክሌንቡቴሮል በሚባል የተከለከለ አበረታች ቅመም ሊበከል እንደሚችል የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ራሱ አስጠንቅቋል። እዚያ ስትሄዱ አዘጋጆቹ በሚያቀርቡት ምግብ ተወሰኑ።

ለአበረታች ቅመሞች ምርመራ ያላችሁበትን ቦታ የማሳወቅ ግዴታ ካለባችሁ ደግሞ ይሄን ልብ በሉ። በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ባለው ጊዜ ውስጥ የምትገኙበትን የ60 ደቂቃ ሰዓት ትሰጣላችሁ። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ያመለጠ ምርመራ ወይም የተሳሳተ መረጃ ካለ እንደ ጥሰት ይቆጠራል። ችግሩ የሚመጣው ስትሸነፉ ነው። ሐሙስ ወደቃችሁ፣ ተናዳችሁ ቲኬት ቀየራችሁ፣ መዝገቡ ላይ ግን እስከ እሑድ ያው ሆቴል ውስጥ ናችሁ። ቲኬት ስትቀይሩ በዚያው ደቂቃ መዝገቡንም ቀይሩት። አጋራችሁም መቀየሩን ጠይቁ፣ እሱ ከታገደ እናንተም ቡድን የላችሁም።

ገንዘብና አብሮ መኖር

ከመነሳታችሁ በፊት ማን ምን እንደሚከፍልና ሽልማቱ እንዴት እንደሚካፈል በወረቀት አስፍራችሁ ፈርሙ። ወዳጅነት ቢኖርም፣ እንዲያውም ወዳጅነት ስላለ። የሽልማት ገንዘብ ብዙ ጊዜ የተጫወታችሁበት አገር ግብር ተቆርጦለት ነው የሚመጣው፤ አሜሪካ ለምሳሌ ከውጭ ዜጋ በመደበኛነት 30 በመቶ ትቆርጣለች። የተቆረጠበትን ማስረጃ ተቀብላችሁ አስቀምጡ፣ ቤት ስትመለሱ ሁለተኛ ግብር እንዳትከፍሉ ሊረዳችሁ ይችላል። ገንዘቡ ስለሚዘገይ ለቀጣዩ ቲኬት አትመኩበት።

አንድ ክፍል መጋራት ወጪ ይቀንሳል፣ ግን ለሳምንታት በልምምድም በምግብም በእንቅልፍም አንድ ሰው ማየት ያደክማል። በቀን ለየብቻ የምትሆኑበት ሰዓት አስቀድማችሁ ተስማሙ። አንዱ ቶሎ የሚተኛ ከሆነ ሌላው ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ይውጣ። የተሸነፋችሁበትን ጨዋታ በዚያው ማታ አትክፈቱት፣ ጠዋት ቪዲዮውን አብራችሁ እያያችሁ አውሩ።

ቶሎ ከወደቃችሁ ደግሞ ለመሄድ አትቸኩሉ። ሌሎች የወደቁ ቡድኖችም እዚያው አሉና በዚያው ቀን ጠይቋቸው፣ ነገ ጠዋት የልምምድ ጨዋታ ታገኛላችሁ። ከሰዓት ተቀምጣችሁ የሚቀጥለው ሳምንት ተጋጣሚዎቻችሁን ቅረጹ፦ ሰርቩን ማን ላይ እንደሚመቱ፣ ብሎክ የሚወጣው ሰው መቼ ወደ ኋላ እንደሚመለስ፣ ንፋስ ሲመጣ ምን እንደሚቀይሩ። የሌላ ውድድር አዘጋጆችም አንዳንዴ እዚያው ይገኛሉ። ለቀጣዩ የግብዣ ደብዳቤ ማንን መጠየቅ እንዳለባችሁ ፊት ለፊት አነጋግራችሁ አድራሻውን ያዙ።