የሸረሪት መርዝ ስኳር ጨብጦ ይይዝ እንደሆነ መፈተን፦ ከምስር ጀምሩ

ባሕር ዳር ላቦራቶሪ አብረውኝ ለሚሠሩ ተማሪዎች ሁልጊዜ የምለው አንድ ነው፦ መርዙን ከመንካታችሁ በፊት ገበያ ወጥታችሁ ምስር ግዙ። የሸረሪት መርዝ በማይክሮሊትር የሚቆጠር ነው፤ ከባከነ ምትክ የለውም። ምስር ውስጥ ግን ስኳር ጨብጦ የሚይዝ ፕሮቲን፣ ሌክቲን፣ አለ። እኔም እጄን ያፍታታሁት ከዳንግላ በመጣ ምስር ነው።

ጥሬውን ፍጩ፣ በአሥር እጥፍ ሳላይን (የጨው ውኃ) ዘፍዝፉና ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ጠዋት በሴንትሪፊዩጅ አዙራችሁ ከላይ የጠለለውን ውሰዱ። ጓንት አድርጋችሁ ቀይ የደም ሴሎችን በ0.9 በመቶ ሳላይን ሦስት ጊዜ እጠቡ፤ 2 በመቶ አድርጋችሁ በጥብጡ። ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉትና ታቹ ክብ በሆነ ፕሌት ላይ ጭማቂውን በ50 ማይክሮሊትር በእጥፍ እያቀጠናችሁ ሂዱ፣ እኩል ደም ጨምሩ፣ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ያልተያያዙ ሴሎች ተንሸራተው መሃል ላይ እንደ ቁልፍ ይሰበሰባሉ። ሌክቲኑ በላያቸው ያለውን ስኳር ይዞ ያያያዛቸው ግን ምጣድ ላይ እንደፈሰሰ ሊጥ ታቹን ያለብሳሉ፤ መጓጎል የምንለው ይህን ነው።

አሁን ስኳሩ። ለመጨረሻ ጊዜ ካጓጎለው ጉድጓድ አራት እጥፍ የወፈረ ጭማቂ ውሰዱ። ደም ሳይገባ ከግሉኮስ፣ ከማኖስና ከጋላክቶስ ጋር ለየብቻ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፤ ስኳሩን ከ200 ሚሊሞላር ጀምራችሁ አቅጥኑ። ግሉኮስና ማኖስ የሌክቲኑን እጅ ስለሚይዙበት መጓጎሉን ያስቀራሉ፤ ጋላክቶስ አያስቀርም። ግሉኮስና ጋላክቶስ የሚለያዩት አራተኛው ካርቦን ላይ ያለው ኦኤች በዞረበት አቅጣጫ ብቻ ነው! ፕሮቲኑ ይህን መለየቱ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። አንዱን ስኳር የሚይዘው በሃይድሮጅን ቦንድ ስለሆነ ብቻውን ደካማ ነው፤ ሴሉ ላይ ግን ስኳሩ ብዙ፣ የፕሮቲኑም እጅ ከአንድ በላይ ነው። ድር ቢያብር የሚባለው እዚህ ይታያል።

ወደ መርዙ ስትሻገሩ ጉድጓዱ ጥርት ብሎ ከቀላ ሴሉ ፈርሷል ማለት ነው፤ «ስኳሩ ከለከለው» ብላችሁ እንዳትመዘግቡ። ትንንሹን ሞለኪውል ወደ ውኃ በሚያሳልፈው የዳያሊሲስ ከረጢት ለማጥራትም አትቸኩሉ። ከአንድ የቻይና ትልቅ ሸረሪት መርዝ የተገኘው ኤስኤችኤል-1 የተባለ ሌክቲን 32 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፤ በሰፊ ቀዳዳ ሾልኮ ከውኃው ጋር ይደፋል።

እኔ አንድ ሙሉ ሳምንት ያጣሁት በደም ቱቦ ነው። ቱቦው ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚደረግ ኬሚካል) ነበረው፤ እኔም ሴሎቹን አንዴ ብቻ አጥቤ ነበር። አንዳንድ ሌክቲኖች ስኳሩን የሚጨብጡት በካልሲየም በኩል ነው፤ ኢዲቲኤ ደግሞ ካልሲየሙን ይነጥቃል። ካልሲየም ስትጨምሩ ቡፈሩ (አሲድነቱ እንዳይለዋወጥ የሚጠብቀው ፈሳሽ) ፎስፌት አይሁን፣ ይደፈርስባችኋል፤ ትሪስ የተባለውን ቡፈር ተጠቀሙ። ለማነጻጸሪያ ደምና ቡፈር ብቻ ያለበት ጉድጓድም በእያንዳንዱ ፕሌት ላይ ይኑር።